የእናቴ የቤት ስም እና የወንድሜ ድመት

ወንድሜ ለድመቱ ስም ለማውጣት ሰው ጠራ። ኬክ አሠርቶ፣ ፊኛ አስነፍቶ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ። እኔ ባደግኩበት ቤት ድመት ስም ካስፈለጋት ውሮ ትባል ነበር፤ ካላስፈለጋት ደግሞ ድመት ናት። አይጥ ስትይዝ ትመሰገናለች፣ ወተት ስትደፋ ትባረራለች፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ወንድሜና ሚስቱ ግን ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አዲስ አፓርታማ ከገቡ ወዲህ ምንም ነገር እዚያው ላይ አያበቃላቸውም። የመጋረጃ ቀለም ለመምረጥ ባለሙያ ያማክራሉ፤ ቁርስ ሲቀርብ ከመብላታቸው በፊት ፎቶ ያነሱታል። ድመት ሲገዙ ዝም ብለው ይገዛሉ ብዬ መጠበቄ የእኔ ሞኝነት ነው።

የተገዛችው ለልጃቸው ነው ተባለ። ልጅቷ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ጥሩ ልጅ ናት፤ የጠየቀችው ግን ብስክሌት ነበር። ድመቷ ነጭ ናት። ፀጉሯ እንደተነደፈ ጥጥ የተንዠረገገ፣ ፊቷ ከግድግዳ ጋር የተላተመ ይመስል ጠፍጣፋ፣ ዓይኖቿ ያለ ምክንያት የሚያለቅሱ። ፎቶዋ የቤተሰባችን ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ «አዲሷ የቤተሰባችን አባል፤ ማን እንበላት?» የሚል ተጽፎበታል። ገጠር ያለው አጎታችን ፎቶው ስላልተከፈተለት ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ለወንድሜ ሚስት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ጻፈላት። ማንም አላረመውም። ቀጥሎ ምርጫ መጣ፤ ሉና፣ ስኖው፣ ፕሪንሰስ ወይ ቤላ ከሚሉት አንዱን ተጫኑ ተባለ። በረዶ ሲባል ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውን ብቻ የሚያውቁ ዘመዶቼ ስኖው ላይ ተረባረቡ። እኔ ምንም አልተጫንኩም።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በዚያ እሁድ ታክሲ ተሰልፌ፣ ተጋፍቼ፣ ቀሚሴ ተጨማዶ ወንድሜ ቤት ስደርስ ሚስቱ በሩን ከፍታ ገና ሳልሳለማት ወደ እግሬ አየች።

«እትዬ፣ ጫማሽን እዚህ ጋ አውልቂልኝ። ለእሷ ጥሩ አይደለም።»

«ለማን?»

«ለድመቷ። ባክቴሪያ ነገር።»

በገዛ ወንድሜ ቤት ለድመት ጤንነት ሲባል ጫማዬን አወለቅሁ። ለእንግዳ የተዘጋጀ ነጠላ ጫማ ሰጡኝ፤ ለእግሬ ጠበበኝና ተረከዜ ውጭ ቀረ። እንደዚያ እየጎተትኩ ገብቼ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ድመቷ መሐል ላይ፣ ሮዝ ትራስ ላይ ተኝታለች፤ ከሁላችንም የተሻለ ልቦና የነበራት እሷ ናት፣ ምክንያቱም አንቀላፍታለች። የቀሩት ይከራከራሉ። ከወንድሜ ጋር የሴራሚክ ንግድ የሚሠራ አንድ ሰውዬ ስሙ አጭር መሆን አለበት፣ ሁለት ሲለብል ብቻ፣ እንስሳ ከዚያ በላይ አይሰማም ይላል። ይህን የሚያውቀው ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው። ባንክ የምትሠራ፣ ጴንጤ የሆነች የሚስቱ ጓደኛ ደግሞ ስም ዝም ተብሎ አይሰጥም፣ አፋችሁ የሚጠራው ነገር ቤታችሁ ውስጥ ይሆናል ብላ አስጠነቀቀችና «ጆይ» በሏት አለች። አንዱ ወጣት የሀበሻ ስም መሆን አለበት፣ አይደንቲቲያችንን እያጣን ነው አለ፤ ይህንን ሁሉ የተናገረው ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ እኮ አስተማሪ ናት። አንድ ስም ጠቁሚን።»

«ውሮ» አልኩ።

«ውሮ እኮ በጣም ኦልድ ነው» አለችና ሳቀች፤ እነሱም ተከትለዋት ሳቁ።

ይህን ጊዜ ወንድሜ ተነሳ። ብርጭቆውን በማንኪያ መታ መታ አደረገ፤ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ከፊልም በቀር ያየሁት ያን ቀን ነው። ምርጫው ለጨዋታ እንደነበር፣ እሱና ሚስቱ ግን ቀድመው እንደወሰኑ ተናገረ። «እማዬ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎ ነበር» አለ። «ስለዚህ የእማዬን የቤት ስም ሰጥተናታል» አለና ስሙን ጠራው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ትርጉሙንም አልናገርም፤ ትርጉሙን ከተናገርኩ ስሙ ይታወቃል። አባቴ ለእናቴ ያወጣላት ነው። ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ ዝግ ባለ ድምፅ ይጠራታል፣ እሷም ካለችበት ሆና «አቤት» ትላለች። ዘመድ በክርስትና ስሟ፣ ጎረቤት በእኔ እናትነት ነበር የሚጠራት። እኛ ልጆቿ ያንን ስም አፋችን ላይ አድርገነው አናውቅም፤ እንደ አባታችን ኮት የእሱ ነበር። አባቴ ሲሞት ስሙም አብሮ የሄደ መስሎኝ ነበር።

ሰዉ አጨበጨበ። የወንድሜ ሚስት በጣቷ ጫፍ፣ ኩሏ እንዳይበላሽ እየተጠነቀቀች፣ እንባዋን ጠረገች። ባንክ የምትሠራዋ «እንዴት ደስ ይላል» አለች። ድመቷ በጭብጨባው ነቅታ አንድ እግሯን አነሳችና ከጭራዋ ሥር መላስ ጀመረች።

ወንድሜን ወደ ማዕድ ቤት ጠራሁት።

«የእናትህን ስም ለድመት ሰጠህ?»

«ስሟን አይደለም፣ የቤት ስሟን ነው። ይሄ ክብር ነው እኮ እትዬ። በየቀኑ እንድንጠራት ብዬ ነው።»

«በሕይወት እያለች በየወሩ ብትጠራት ይበቃት ነበር።»

«አንቺ ሁሌ ነገር ታከብጃለሽ» አለኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያደርግ ሲል ፈቀቅ አልኩ።

እናታችን የመጨረሻ ዓመታቷን የኖረችው እኔ ጋ ነው። ግራ ጎኗ ከከዳት በኋላ ጎረቤቶቼ በወንበር እየተሸከሙ ፀሐይ እንድትሞቅ ያወርዱልኝ ነበር። ወንድሜ በዓል በዓል ሲሆን አንድ ካርቶን ጁስ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት «ይሄ ብሎክ ሊፍት አይገባለትም እንዴ?» ይላል፤ በየበዓሉ፣ ልክ ያኔ ገና እንዳሰበው ነገር። ግንባሯን ይስማታል፣ ስልኩ ይጠራል፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ ስለ ኮንቴይነር ያወራል፣ ይሄዳል። ቀብሯ ላይ ግን ሁለት ሰው ይዞት ነው ያለቀሰው። ያን ያዩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያነሱታል።

ኬኩን በልቼ ነው የወጣሁት። ጥሩ ኬክ ነበር፤ በነገሩ ውስጥ የኬኩ ጥፋት የለበትም።

ከዚያ በኋላ ግሩፑ በእናቴ ስም ተጥለቀለቀ። በዚያ ስም የምትጠራው ዛሬ ሐኪም ዘንድ ሄደች፣ ዛሬ ሚዛን ላይ ወጣች፣ ዛሬ አኩርፋለች። ሁሉንም እየዘለልኩ ቆየሁ። አንድ ቀን ግን በፎጣ የተጠቀለለች እርጥብ ድመት ፎቶ መጣ፤ ከሥሩ የእናቴ ስም፣ ቀጥሎ «ገላዋን ታጠበች፣ ኩርፊያዋን እዩልኝ» የሚል። ከሥሩ ደግሞ የዘመዶቼ ሳቅ በተርታ። እናቴን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ እኔም እፍረቷን እንዳላይ ዓይኔን ሳሙናው ላይ አድርጌ በጆግ ውሃ አፈስስላት ነበር። እነዚያ የሚስቁት ሰዎች ያኔ አንዳቸውም አልነበሩም። ከግሩፑ ወጣሁ። ለምን ወጣሽ ብሎ የጠየቀኝም የለም።

ክረምቱ ሲገባ የወንድሜን ልጅ ሳል ያዛት። ደረቷ ያፏጫል፣ ሩጫ ከለከላት። ሐኪሙ የድመቷ ፀጉር ነው፣ ከቤት አውጧት አላቸው። የወንድሜ ሚስት እንደዚያ ያለቀሰችላትን ድመት ለመሸጥ አንድ ቀን አልፈጀባትም፤ ፎቶዋን የኢንተርኔት መሸጫ ገጽ ላይ ለጥፋ ነበር። እምቢ ያለው ወንድሜ ነው። አንድ ቅዳሜ ድመቷን በፕላስቲክ ጎጆ ይዞ፣ የምትጸዳዳበትን ልዩ አሸዋና የእሷን ልዩ ምግብ በላስቲክ አንጠልጥሎ በሬ ላይ ቆመ። እያለከለከ ነው። ስለ ሊፍቱ ግን አልተናገረም።

«ለጊዜው ነው» አለኝ። «ለማላውቀው ሰው እንዴት እሰጣታለሁ? እማዬን… ስሟ እኮ…»

አልጨረሰውም። ድመቷ በፍርግርጉ ውስጥ ታየኛለች። በሩን ልዘጋበት ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ ሌላ ሰው ከወሰዳት ስሙም አብሯት ይሄዳል፣ የማላውቀው ሰው ቤት የማላውቀው አፍ ሲጠራው ይኖራል። እኔ ጋ ከገባች እዚህ ይቆማል።

«አስገባት» አልኩት። «ስሙን ግን እዚያው ውጭ ተወው። በዚህ ቤት እንዳልሰማው።»

«ለምዳዋለች እኮ እትዬ።»

«ትረሳዋለች።»

ከእኔ ጋር መኖር የጀመረችው እንዲህ ነው። የድመት ወግ አልነበራትም። ማዕድ ቤቴ ውስጥ አይጥ ብቅ ያለ ቀን ዘልላ ሶፋው ጀርባ ላይ ወጣች፤ አይጡም ሳይቸኩል ሄደ። ልዩ ምግቧ ሲያልቅ ሁለት ቀን አድማ መታች፣ በሦስተኛው ቀን ሽሮ የነካው እንጀራ በላች። ፀጉሯ ሲቋጠር በመቀስ ሸለትኳት፤ ያ ሁሉ ክብር ሲወርድ ከሥሩ የወጣችው አንድ ፍሬ ነገር ናት። ስም አልሰጠኋትም። ስትቀርበኝ «አንቺ» እላታለሁ፣ ሳትቀርበኝም አልፈልጋትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በረንዳውን ለመደች፣ ከዚያ ደረጃውን፣ ከዚያ ግቢውን።

ከብሎኩ ሥር ሱቅ ያላቸው ሀጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሩዝና ዘይት የሚሸጡ፣ ሽንኩርት ሲመዝኑም ወሬ የማያቋርጡ።

«ቲቸር፣ ይህቺ የተላጨችው ያንቺ ናት?» አሉኝ አንድ ቀን።

«የወንድሜ ናት ሀጂ።»

«ማን ትባላለች?»

«ስም የላትም።»

«አብሽሪ፣ የኔዋም የላትም። ድመት ስላት ትመጣለች። ሥጋ ካለ ሳልላትም ትመጣለች።» ከዚያ ድመትን መውደድ በእነሱ ሃይማኖት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ረዘም አድርገው አስረዱኝ፤ እያስረዱኝ የራሳቸውን ድመት ከሩዙ ጆንያ ላይ በእግራቸው ገፏት። የግቢው ልጆች ግን ስም የሌለው ነገር አይወዱም። ነጭ ስለሆነች፣ ፀሐይ ስለማትችልና በትንሹ ስለምትደነግጥ ፈረንጅ አሏት። እኔን ማንም አላማከረኝም። ፈረንጅ ሲሏት ትሮጣለች፤ የዳቦ ቅርፊት፣ የቆየ ቋንጣ፣ የሰጧትን ትበላለች።

የእናቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ሚስቱና ልጁ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሊመጡ፣ ወንድሜ ደግሞ እኔን ሊወስደኝ ጠዋት መጣ። ነጭ ሸሚዝ በኮት ለብሷል፣ አንድ ቆርቆሮ የድመት ምግብ ይዟል።

«የት አለች?»

«ወጥታለች።»

«የት?»

«አልነገረችኝም።»

ከፋው። አውሬ እንደሚበላት፣ መኪና እንደሚገጫት፣ የውጭ ድመት እንዳልሆነች እየነገረኝ ወረደ። እኔ ነጠላዬን አንስቼ ልከተለው ስል ከታች ድምፁን ሰማሁ። የእናቴን የቤት ስም ይጠራል። መጀመሪያ ዝግ አድርጎ ነው፣ ልክ ሰው እንዳይሰማው። በረንዳ ላይ ወጣሁ። መኪናዎቹ መሐል እየተዘዋወረ፣ ጎንበስ እያለ፣ ቆርቆሮውን በጣቱ እያንኳኳ ይጠራታል። ድምፁ ከፍ አለ። አስፋልቱን ሲያቋርጥ የሌላው ብሎክ ግድግዳ መለሰው። ያን ጊዜ ነው የወንድሜ ድምፅ የአባታችን ድምፅ እንደሆነ የሰማሁት፤ እሱ ሳያውቀው፣ ወፈር ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ እንደሚለው። የያዝኩትን ነጠላ የበረንዳው ብረት ላይ ጣልኩት።

ከፊት ለፊቱ ብሎክ ምድር ቤት አንዲት አሮጊት ወጡ። ከእናቴ ጋር ፀሐይ ይሞቁ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ግድግዳ እየያዙ ነው የሚሄዱት።

«ማነው እሷን የሚጣራው?» አሉ።

ወንድሜ ቀና አለ።

«ልጄ፣ እሷማ አርፋለች። ዓመት ሞላት። አልነገሩህም እንዴ?»

«አይ እማማ፣ እኔ እንኳ…»

«ልጇ ነህ? ልጇ ነህ አዎ። ድምፅህ ነገረኝ» አሉና በሁለት እጃቸው ፊቱን ያዙት። «ሙት ዓመቷ ሲደርስ አላስችል ብሎህ ነው። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። ና አልቅስ፣ ምንም አይደል።»

ልብስ ያሰጡ የነበሩ ሴቶች ቀረቡ። አንዷ በርጩማ አመጣች፣ አንዷ ውሃ በብርጭቆ። ሀጂ ሚዛናቸውን ጥለው ከሱቃቸው ወጡና «አላህ ጽናቱን ይስጥህ» አሉት። ወንድሜ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ቆርቆሮውን በኮቱ ሸፍኖ፣ ወደ ላይ አየ። አየኝ። አንዲት ቃል ከእኔ ብትወጣ ሁሉም ነገር ይፈታል። ድመት ነው የምፈልገው በላቸው፣ ብዬ በልቤ ጠበቅኩት። ሳሎንህ ውስጥ በማንኪያ ብርጭቆ መትተህ እንደተናገርክ እዚህም ተነስና ተናገር። ክብር ነው ብለኸኝ የለ? በክብር ማን ያፍራል?

አልተናገረም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ማስመሰል መስሎኝ ነበር፣ ወንድሜ ይችልበታል። ቆየት ብዬ ሳየው ግን እንደ ቀብሩ ቀን አይደለም፤ የሚይዘው ሰው አልፈለገም፣ ማን እንደሚያየውም አላየም። አሮጊቷ ራሱን ደረታቸው ላይ አስደግፈው የእናቴን የቤት ስም እየጠሩ «እንዴት ያለች ሴት ነበረች» ይላሉ።

እዚያው ሰዓት አንዷ ልጅ ከደረጃው ሥር «ፈረንጅ!» ብላ ጮኸች። ድመቷ ከቆመ መኪና ሥር ጥቁር ግሪስ ተቀብታ ወጣች። በወንድሜ እግር መሐል አለፈች፣ ሽቅብ እንኳ ሳታየው፣ ልጅቷ ጋ ደርሳ እጇን ላሰች።

ወደ እኔ ቤት ከወጣ በኋላ ፊቱን እየታጠበ ከመታጠቢያ ቤት ሆኖ ጠየቀኝ።

«ፈረንጅ ነው የሚሏት?»

«ልጆቹ ናቸው።»

«አንቺስ?»

«ምንም አልላትም።»

ፎጣውን ይዞ ወጣ። «እዚያ ቆመሽ እያየሽኝ ዝም አልሽ» አለኝ።

«ምን ልበላቸው? እናቱን አይደለም፣ ድመቱን ነው ልበል?»

ፎጣውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። አጥፎ ማስቀመጥ እንደሚችል አላውቅም ነበር። «እንሂድ፣ ቅዳሴው ያልቃል» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ድመቷ ሲጠይቀኝ «ድመቷ እንዴት ናት?» ነው የሚለው፤ ያንን ስም ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁትም። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ሚስቱ ለልጅቷ ዓሣ ገዝታላታለች አሉ።

የተረፈኝ አሮጊቷ ናቸው። ባገኙኝ ቁጥር ክንዴን ይይዙና «ያ ልጅ ደህና ነው? እንደዚያ እናቱን የሚወድ ልጅ አይቼ አላውቅም» ይሉኛል። እናቴን በወንበር አስሸክሜ ስወጣ ስወርድ በራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ የነበሩ ሴት ናቸው። በየዓመቱ በየክፍሉ ሰነፍ ልጅ ሲመሰገን አይቻለሁ፣ ይህም ከዚያ አይለይም። «ደህና ነው እማማ» እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ግን የሚከነክነኝን ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ ያንን ስሟን እንዴት አወቁት? እኛ እንኳ አንጠራውም ነበር።»

«ራሷ ናት የነገረችኝ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ፀሐይ እየሞቅን ነው። በዚህ ስም የሚጠራኝ ጠፋ፣ አንቺ ጥሪኝ አለችኝ። እኔም በተገናኘን ቁጥር እጠራታለሁ፣ አቤት ትለኛለች።»

ሌላም ነገር ሊነግሩኝ ነበር። ሽንኩርት ልግዛ ብያቸው ወደ ሱቁ ሄድኩ።